ፍሪሲዮን በዳገት አገር፦ አቀያየሩና አያያዙ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብላችኋል፤ ይህ ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጣርማበር አናት ላይ ያለ መኪና እንግዲህ ሲሶ ጉልበቱን ተነጥቆ ነው የሚጎትተው። ሹፌሩ ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነዳጅ ያበዛና የፍሪሲዮኑን ፔዳል ግማሽ ላይ ይዞ ይቆያል። ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘውንና የሚለየውን ፍሪሲዮን የምትበላው ያቺ ግማሽ ናት። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨበጥ አያልቅም፣ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅም አያልቅም፤ የሚያልቀው ሲንሸራተት ብቻ ነው። ሜዳ አገር ላይ ዓመታት የሚያገለግል ዲስክ ወደ መንዝዋ መሐል ሜዳ ከተማ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ቶሎ ቢያልቅ፣ ሁልጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ነው ማለት አይደለም።

በስሞቹ እንግባባ። ጋራዥ ውስጥ የምንጠራቸው ስሞች አብዛኞቹ የጣርማበርን ዋሻ ከቆፈረው ጣሊያን የቀሩ ናቸው። ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ነው። ቮላኖው ላይ በብሎን የሚታሰረው፣ መሐሉ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሞላ የተደረደረበት ተጫኝ ስፒንጂዲስኮ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጨበጠው ሸራ የለበሰ ዲስክ ደግሞ በመሐሉ ጥርስ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ መግቢያ ዘንግ ይይዛል። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን ወደ ታችኛው ይገፋል፤ ታችኛው ፖምፓ ሹካ መሰሉን ፎርኬታ፣ ፎርኬታው ሬጂስፒንታ የምንለውን ኩሽኔታ፣ ኩሽኔታው ደግሞ የስፒንጂዲስኮውን ጣቶች ይገፋል። ያን ጊዜ ዲስኩ ይለቀቃል። ይህን ሰንሰለት በቃል መያዝ ይጠቅማል፤ ፖምፓው አፍስሶ ሳለ ካምቢዮ ያወረደ ሰው ጥቂት አይደለምና።

ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት

መንሸራተቱን ለማወቅ ሜዳ መንገድ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጁን ድንገት እስከ ታች ርገጡ። የሞተሩ ዙር ዘሎ ወጥቶ መኪናው ከኋላ እያዘገመ ከተከተለ ዲስኩ ይንሸራተታል። ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ለዚህ ይመቻል። የቆመ መኪና ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ይህን ሙከራ አንዴ ብቻ አድርጉ። ሦስት አራት ጊዜ የደጋገመ ሰው የተረፈችውን ሸራ ራሱ ያቃጥላታል።

ማርሽ አልገባ ካለ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ዲስኩ አልለቀቀም። ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። አሁንም ከጮኸ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጡና እንደገና ሞክሩ። በዚህ ከተሻለው ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ወይም የአንዱ ፖምፓ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) አልቋል። ዲስኩ ሳይነካ በጎሚኒ ወይም በፖምፓ ለውጥ ይስተካከላል። የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ ጎማ ጫፉን ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የላይኛው ሲያፈስ ደግሞ ዘይቱ በፔዳሉ ዘንግ በኩል ሹፌሩ እግር ሥር ይወርዳል፤ ምንጣፉን አንስቶ ማየት ነው።

ድምፅ ብዙ ሰው ያሳስታል። ፔዳል ሲረገጥ የሚጮኽ፣ ሲለቀቅ ዝም የሚል ሬጂስፒንታ ነው። ማርሽ ሳይገባ፣ እግር ከፔዳል ላይ ተነስቶ ሳለ የሚያጉረመርምና ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ ግን የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ለዚህ ፍሪሲዮን ቀይራችሁ ብትገጥሙ ድምፁ እዚያው ይጠብቃችኋል።

ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ መጀመሪያ የሞተሩንና የካምቢዮውን ሱፖርቶ (የሚደግፋቸውን ባለ ጎማ ማሰሪያ) እዩ። ጎማው የተቀደደ ሱፖርቶ ፍሪሲዮን ያለቀ የሚያስመስል መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ሥራውም የአንድ ሰዓት ነው። ሱፖርቶው ደህና ከሆነ የቀረው ዲስክ ላይ የነካ ዘይት ወይም በሙቀት የተጣመመ ቮላኖ ነው፤ ለሁለቱም ካምቢዮ መውረድ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ይጎድላል፤ የራሱ ማጠራቀሚያ ያለው ፍሪሲዮን ላይ ግን ዲስኩ ሲያልቅ የስፒንጂዲስኮው ጣቶች ወደ ኋላ ስለሚመጡ ዘይቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል። የፍሪሲዮን ዘይት ከጎደለ እንግዲህ ምክንያቱ ዲስክ አይደለም፤ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ዕቃ መግዛት

ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ተሂዶ የማይገጥም ዲስክ ይዞ መመለስ ቀን ያቃጥላል። በሌላ መጓጓዣ መሄድ የምትችሉ ከሆነ መጀመሪያ ፈትታችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የዲስኩን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ለኩ፣ የመሐሉን ጥርስ ቁጠሩ፣ የስፒንጂዲስኮውን የብሎን ቀዳዳዎች አራርቆት አስተያዩ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ኮሮላዎች በሞተር ዓይነት የተለያየ ዲያሜትር ሊኖራቸው ይችላል።

ዲስክ፣ ስፒንጂዲስኮና ሬጂስፒንታ ሦስቱን አንድ ላይ ቀይሩ። ካምቢዮ ማውረድ ለእጅ ዋጋም ለጊዜም ትልቁ ሥራ ስለሆነ ሬጂስፒንታን «ገና ነው» ብሎ መመለስ አይገባኝም። የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ቀለበት) እና የካምቢዮውን የመግቢያ ዘንግ ፓራኦሊዮም አብራችሁ ግዙ፤ ከኋላ የሚነዱት ላይ ቮላኖው መሐል ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታም ጨምሩ። አሮጌ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ የማስመታት ነገር ብዙ ቦታ አለ። ለሜዳ ይሆን ይሆናል። የዲስኩ ሞላዎች የላሉና ጥርሱ የተበላ ከሆነ ግን አዲስ ሸራ ምንም አያድነውም፤ ለጣርማበር አልመክርም።

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ መጣመሙን እዩ፤ ሞላዎቹ በእጅ ሲነኩ የሚንኳኩ ከሆነ መልሱት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንደ አይሲን ወይም ኤክሰዲ ያለ የታወቀ ፋብሪካ ስም ስለሆነ ብቻ አትመኑ፤ ካርቶን ማተም ዲስክ ከመሥራት ይቀላል።

ማውረድ

የሚከተለው እንደ ኮሮላና ቪትዝ ላሉ ከፊት ለሚነዱ ነው። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ አድርጉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ መኪናውን ብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። የድንጋይ ክምር ሥር ተኝቶ መሥራት እንደ ቀልድ ተለምዷል፣ ሰው የሚጨፈለቀውም እዚያ ነው። ከባትሪው የኔጌቲቩን ገመድ ንቀሉ።

የካምቢዮውን ዘይት ስታፈሱ መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ፣ ቀጥሎ የማፍሰሻውን። የመሙያው ብሎን ዝጎ አልፈታ ቢል ዘይቱ ገና ውስጡ እያለ ታውቁታላችሁ፤ ካፈሰሳችሁ በኋላ ከሆነ ግን መኪናው ደርቆ ቆመ ማለት ነው። በሁለቱም ጎን የሴሚያሱን (ከካምቢዮው ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ዳዶ በ30 ቡሶላ ፍቱ፤ መኪናው ገና ሳይነሳ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ፣ ሰው ፍሬን ረግጦ ብታላሉት ይቀላል። የታችኛውን መገጣጠሚያ አላቅቃችሁ ሴሚያሶቹን አውጡና ቀዳዳቸውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ።

የታችኛውን ፖምፓ ቱቦውን ሳትፈቱ ከነቱቦው ወደ ጎን አንሱና በሽቦ እሰሩት። ከዚያ በኋላ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ የፖምፓው ፒስተን ተፈናጥሮ ይወጣል። ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን)፣ የማርሽ ገመዶቹን፣ የኋላ ማርሽ መብራቱን ሶኬት፣ የፍጥነት መቁጠሪያውን ገመድ ንቀሉ። ሞተሩን ከሥር በክሪክና በወፍራም ጣውላ ደግፉ፤ ጣውላው ከሌለ የዘይት ቋቱ ይጎደጉዳል። ከዚያ የካምቢዮውን ሱፖርቶና የካምፓናውን (ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ደወል መሰል ክዳን) ብሎኖች ፍቱ። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የካምፓናውን ቅርጽ ሥላችሁ በየቦታቸው ሰኳቸው።

ካምቢዮው ሲወጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቀጥ ብሎ ከሞተሩ እያራቁ መሳብ እንጂ ዘንጉ ዲስኩ ውስጥ እያለ ወደ ታች ማንጠልጠል የለም። ክብደቱ በዲስኩ መሐል ላይ ከወደቀ ዲስኩን ያጣምመዋል፤ ሲገጠምም ይኸው ስህተት አዲሱን ያበላሻል።

ከኋላ የሚነዱት ሚኒባስና ፒካፕ ላይ በሴሚያስ ፋንታ ትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ) ይፈታል። ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱን ፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ተዟዙሮ ከተገጠመ በ80 ኪሎ ሜትር የሚያንቀጠቅጥ መኪና ይሆናል። ከፊት ከሚነዱት ይልቅ ካምቢዮው ይረዝማል፣ ይከብዳል።

የስፒንጂዲስኮውን ብሎኖች ዙሪያውን በመስቀል አቅጣጫ፣ በየተራ ግማሽ ዙር እያላችሁ አላሉ። አንዱን ጨርሳችሁ ፈትታችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ የሞላው ጉልበት ክዳኑን ያጣምመዋል። ውስጡ ያለውን ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉት። የድሮ ሸራዎች ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ አለባቸው፤ በውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

አሮጌውን ማንበብ

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። አሮጌው ዲስክ ለምን እንዳለቀ ካልነገራችሁ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ሸራው ከተመታበት ሪቬት ራስ በላይ የቀረውን ጥልቀት ለኩ፤ ቶዮታ ላይ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አልቋል። ሁለቱም ጎን እኩል ሳስቶ ቮላኖው ንጹሕ ከሆነ ዕድሜውን ጨርሶ ነው የሞተው። ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ቮላኖው ላይ ሰማያዊና ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የተቃጠለው በአነዳድ ነው፤ ባለቤቱ ሹፌር ቀጥሮ የሚያሠራ ከሆነ ይህን ዲስክ ማሳየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ዘይት ከነካው የትኛው ዘይት እንደሆነ ለዩ። ቀጠን ያለና የጠቆረ ከሆነ ከሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው፤ ወፈር ያለና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ ከካምቢዮው። የፈሰሰውን ሳይቀይሩ አዲስ ዲስክ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የስፒንጂዲስኮው ጣቶች ጫፍ የተቦረቦረ ወይም አንዱ ከሌላው ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ የተዛነፈ ከሆነ ሬጂስፒንታው ሲጨነቅ ኖሯል ማለት ነው፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፔዳል ላይ አርፎ የሚሄድ እግር ነው። ፎርኬታው የሚያርፍበትን ጉልላትም ዳብሱ። ከተበላ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ይንቀጫቀጫልም።

ቮላኖው ላይ በጥፍር የሚሰማ ስንጥቅ፣ ጎድጓዳ ወይም ሰማያዊ ቦታ ካለ ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ለባለ ቶርኖው «እስኪነጻ ብቻ» በሉት፤ በበዛ ቁጥር ቮላኖው ይሳሳል፣ ሙቀት መሸከሙም ይቀንሳል። የብሎን መቀመጫው ከዲስኩ ፊት የተለየ ደረጃ ካለው ሁለቱም ፊት እኩል መላጥ አለባቸው፤ አለዚያ የስፒንጂዲስኮው ጭነት ይዛባል። ተመልሶ ሲታሰር ፊቱ ሲዞር የሚዋዥቀው ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ውስጡ ሞላ ያለበት ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ግን ቶርኖ ቤት አይገባም፤ ከላላ ይቀየራል።

መግጠም

ቮላኖውንና የአዲሱን ስፒንጂዲስኮ ፊት በቲነር ወይም በፍሬን ማጽጃ እጠቡ። አዲስ ስፒንጂዲስኮ ከፋብሪካ የሚመጣው ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው፤ ይህን ሳያጥቡ የገጠሙት መጀመሪያውኑ የሚንቀጠቀጥ ይሆናል። ዲስኩንም በግራሶ እጅ አትያዙ።

ዲስኩን ከማሰራችሁ በፊት ባዶውን በካምቢዮው ዘንግ ላይ አስገብታችሁ በነፃነት መንሸራተቱን እዩ። ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ የምስር ፍሬ ያህል ቀቡና ዲስኩን ወዲያ ወዲህ ብላችሁ የተረፈውን ጥረጉ። ብዙ ግራሶ ሲሞቅ ተበትኖ ሸራው ላይ ያርፋል።

አቅጣጫውን አትሳቱ። አብዛኛው ዲስክ ላይ የሞላዎቹ ጉብ ያለ ጎን ወደ ካምቢዮው ነው የሚዞረው፤ የቮላኖ ጎን የሚል ጽሑፍ ካለበት በጽሑፉ ሂዱ። ተገልብጦ ከገባ መሐሉ የቮላኖውን ብሎኖች ይነካና ፔዳል ቢረገጥ አይለቅም፤ ካምቢዮውን ዳግመኛ ማውረድ ግድ ይሆናል።

ዲስኩን መሐል ለማድረግ ማስተካከያ ዘንግ ከሌለ የአሮጌ ካምቢዮ መግቢያ ዘንግ ይሠራል፤ እሱም ከጠፋ ክብ እንጨት ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ ልክ ማምጣት ይቻላል። በዓይን ግምት ብቻ ማሰር ግን ካምቢዮ አልገባ ብሎ ግማሽ ቀን ሲያታግል ያመሻል። የስፒንጂዲስኮውን ብሎኖች ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በመስቀል አቅጣጫ በሦስት ዙር አጥብቁ። ቶዮታ ላይ ለባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ልኩ 19 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህ ጉልበተኛ ረዳት በረጅም ቁልፍ ከሚያደርገው በጣም ያነሰ ነው። ቶርክ ቁልፍ ተበደሩ።

ካምቢዮው ሲመለስ የካምፓናው ፊት ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት መግጠም አለበት። ሁለት ሚሊ ሜትር ቀርቶት እንኳ በብሎን ስባችሁ አታስገቡት፤ የካምፓናው ጆሮ ይሰነጠቃል። ካምቢዮውን ማርሽ አስገብታችሁ መውጫውን በጥቂቱ ብታዞሩ ዘንጉ ከዲስኩ ጥርስ ጋር ይገጣጠማል። ዘይቱን መኪናው ደልዳላ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙሉ፤ ትናንሾቹ ላይ 2 ሊትር ገደማ ይበቃል። 75ደብሊው90 ጂኤል 4 የሚል የካምቢዮ ዘይት ለእነዚህ ይስማማል። የመኪናው መመሪያ ካላዘዘ የዲፈረንሻል ጂኤል 5 አትጨምሩ፤ አንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን የነሐስ ቀለበት ይበላል።

አየር ለማስወጣት ታችኛው ፖምፓ ላይ ባለችው ቫልቭ ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን ጥቂት ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ ሌላው ቫልቩን ሩብ ዙር ከፍቶ ይዝጋ፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቅ። አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ ማጠራቀሚያው በመሐል እንዳይደርቅ። ዘይቱ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ነው። ሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው ጎሚኒዎቹ አብጠው ሁሉንም ፖምፓ ይቀይራል። ዶት 3 ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ አዲስ ሳለ በ205 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ሲጠጣ እስከ 140 ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፣ ተከፍቶ የከረመ ጣሳም አይጨመር።

በመጨረሻ ፔዳሉ ጭነት ከመሰማቱ በፊት የሚወርደውን ባዶ ቦታ ለኩ፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ባዶ ቦታ ከሌለው ሬጂስፒንታው ሁልጊዜ እየተጫነ አዲሱ ዲስክ ይንሸራተታል። በዘይት ሳይሆን በገመድ የሚሠራ ፍሪሲዮን ላይ ይህ ክፍተት ሸራው ባለቀ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በየጊዜው መታየት አለበት።

ከተገጠመ በኋላ

ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጭነት አታስይዙ፣ ዳገት ላይ አታታግሉት። ሸራው ከቮላኖው ጋር ገና እየተላመደ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀለል ያለ ሽታ ቢኖር አያስደንግጥ።

ዳገት ላይ ስትቆሙ መኪናውን በፍሪሲዮን አትያዙት። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስትወጡ ከከባድ መኪና ኋላ መቆም የተለመደ ነው፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ እግራችሁን አንሱ። ስትነሱ በአንደኛ ማርሽ ብቻ፣ የእጅ ፍሬኑን ሞተሩ ሲጎትት እየለቀቃችሁ። የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ እሱን ማሠራት ከአዲስ ዲስክ ይረክሳል። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ታኮ ይዞ መውረዱ ፍሪሲዮን ያድናል፤ ሹፌሮች ግን ይህን እንደ ውርደት ያዩታል።

በክረምት መንዝ ላይ ጭቃ የያዘው መኪና ፍሪሲዮኑን በአንድ ከሰዓት ሊጨርስ ይችላል። ጎማ ሥር ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ አድርጉ፣ ሰው አውርዱ፣ ግፉ፤ ግማሽ ፔዳል ላይ ወዲያ ወዲህ ማወዛወዙ ሸራውን ይጨርሰዋል። ከሸተታችሁ አቁሙ፤ ሞተሩን ሳታጠፉ፣ ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ከፔዳሉ አንስታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቮላኖው ሲዞር አየር እያገኘ ይቀዘቅዛል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወይም ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርዱ በማርሽ ውረዱ፤ ፔዳል ረግጦ መንሸራተት ፍሬኑን ብቻውን ያስቀረዋል። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳል ረግጦ መውረድ የባሰ ነው። ጎማዎቹ ዲስኩን ከሞተሩ ዙር በላይ ያሽከረክሩታልና ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ሊበተን ይችላል።

ውኃ ተሻግራችሁ መኪናውን ለቀናት ካቆማችሁት ዲስኩ ዝጎ ቮላኖው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ከማቆማችሁ በፊት ጥቂት ነድታችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ረጋ ብላችሁ እየተነሳችሁ አድርቁት። በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት ማርሽ መክበዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀዘቀዘ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ከሞቀ በኋላ ከተስተካከለ ፍሪሲዮኑን ተዉት።

1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የፔዳሉን ክፍተት እንደገና ለኩ፣ የሴሚያሶቹን ፓራኦሊዮና የታችኛውን ፖምፓ ጨርቅ ይዛችሁ ዳብሱ፣ የካምፓናውን ብሎኖችም አንዴ በቁልፍ ነካ አድርጉ።